ከጦርነት የተመለሰውን ማን ተቀበለው?

በ1983 ዓ.ም. ግንቦት ማብቂያና ሰኔ ላይ የኢትዮጵያን አውራ ጎዳናዎች የሞላው ወታደር ነበር። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ግንቦት 13 ቀን ከአገር ሲወጡ፣ በብዛቱ በአፍሪካ ስሙ የሚጠራው ሠራዊት በቀናት ውስጥ አዛዥም፣ ስንቅም፣ መድረሻም አጣ። ኤርትራ ውስጥ ከነበረው ጦር ብዙው ወደ ሱዳን ድንበር ተመመ። ከአሰብ የተነሱ የባሕር ኃይል መርከቦች ቀይ ባሕርን ተሻግረው የመን ገቡ። በሌላው ግንባር የነበረው ደግሞ በእግሩ ወደ መሐል አገር ጉዞ ጀመረ። ከመካከላቸው ብዙዎቹ በብሔራዊ ውትድርና ስም ከገበያ፣ ከትምህርት ቤት በር፣ ከማሳ ላይ በአፈሳ የተያዙ ለጋ ወጣቶች ነበሩ። በመንገዱ ዳር ያለው ገበሬ የራሱን ልጅ ለዚሁ ጦር የሰጠ ነበርና ያለውን ቆሎም እንጀራም አካፈላቸው። ቀይ መስቀልም በየመንገዱ ጣቢያ አቋቁሞ አበላ፣ አሳፈረ።

ስለዚያ ሠራዊት ሲወራ ወሬው አብዛኛውን ጊዜ የሚቆመው እዚህ ላይ ነው፤ ተበተነ ይባላል፣ ያልቃል። እነዚያ ሰዎች ግን የሆነ ቤት ገብተዋል። የሆነች እናት በር ከፍታለች፣ የሆነች ሚስት በሌሊት ጩኸት ሰምታ ኩራዝ ለኩሳለች፣ የሆነ ልጅ አባቱን ፈርቶ አድጓል። ይህ ዳሰሳ የሚከተለው ያንን የቤት ውስጥ ታሪክ ነው። የማምነውን ከወዲሁ ልናገር፦ በአገራችን ለተመላሽ ወታደር የተደረገው እንክብካቤ ከቁስሉ ይልቅ ድሉን ተከትሎ ሄዷል። ያሸነፈ መሬትና ማዕረግ አገኘ፤ የተሸነፈ፣ ወይም ያዘመተው መንግሥት የወደቀበት፣ ከነሕመሙ ተረሳ። የአእምሮ ቁስልን ከሚያባብሱት ዋና ዋና ነገሮች አንዱ ደግሞ ይኸው መረሳት መሆኑን ዛሬ በጥናት እናውቃለን።

ወደ ኋላ ሄደን እንጀምር። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ለአርበኞችና ለስደተኞች፣ ቆይቶም ለወታደሮችና ለመንግሥት ሠራተኞች አንዳንድ ጋሻ መሬት እንዲሰጥ አዘዙ። አንድ ጋሻ በግምት 40 ሄክታር ነው። በወረቀት ሲታይ አምስት ዓመት በዱር ለከረመ ሰው ይህ ትልቅ ካሳ ነው። በተግባር ግን መሬቱን ቀድሞ ያገኘው አዲስ አበባ ሰው ያለው፣ ደብዳቤ ማስጻፍና ደጅ መጥናት የሚችለው ነበር። ብዙ ተራ አርበኛ በደጅ ጥናት አርጅቶ ባዶ እጁን ቀርቷል። ቅሬታው ምን ያህል የመረረ እንደነበር ለመረዳት የጎጃሙን አርበኛ የደጃዝማች በላይ ዘለቀን ፍጻሜ ማስታወስ ይበቃል፤ ጣሊያንን አምስት ዓመት የተዋጋው ሰው በ1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አደባባይ ተሰቀለ። በዚያ ዘመን ስለ አርበኞች የሌሊት ቅዠት የጠየቀ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አልነበረም። ሆኖም ለአሸናፊው ወገን አንድ ነገር ነበረለት፦ ፉከራውና ሽለላው። ሰው በአደባባይ ቆሞ ያየውን፣ ያደረገውን፣ አጠገቡ የወደቀውን ወንድሙን ስም ጠርቶ ሲናገር፣ የሚሰማው ሕዝብ ደግሞ እልል ሲል፣ የሆነ ሸክም ከአንድ ሰው ትከሻ ወደ ብዙ ሰው ይተላለፋል። የሙሾም ሥራ ይኸው ነው። እንዲህ ዓይነቱን የአደባባይ ንግግር የሕክምናው ዓለም ዋጋ የሰጠው ብዙ ቆይቶ ነው።

የቃኘው ሻለቃ ታሪክ ይህንኑ ከሌላ ጎን ያሳያል። በ1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሻለቃ ከጅቡቲ በመርከብ ወደ ኮሪያ ሄደ፤ ከዚያ በኋላ እየተተካኩ ሌሎች ተከተሉ። ከ120 በላይ ሞቱ፣ ከ500 በላይ ቆሰሉ፣ አንድም ሰው ግን አልተማረከም። የተመለሱት የክብር አቀባበል ተደረገላቸው። አዲስ አበባ ውስጥ ቤት የሠሩበት አካባቢ እስከ ዛሬ ኮሪያ ሰፈር ይባላል። አብሮ የዘመተ ሰው አብሮ ሲሰፍር የሚያገኘውን ጥቅም ልብ ይሏል። ጎረቤትህ ስለ ኮረብታው ውጊያ ማስረዳት የማይጠበቅብህ ሰው ነው፤ እሱም እዚያው ነበር። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ግን ደርግ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሲወዳጅ የእነዚህ ሰዎች ዘመቻ የሚያኮራ መሆኑ ቀረ፤ ኒሻናቸውን በሣጥን አስቀመጡ። ያንኑ ውጊያ የተዋጋው ያው ሰው በአንድ መንግሥት ዘመን ጀግና፣ በሌላው ዘመን ደግሞ አፉን ይዞ የሚኖር ሆነ። ከኮሪያ ሰፈር የምንማረው ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቻርልስ ማየርስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1915 ስለ ሦስት ወታደሮች ጻፈ። የመድፍ ጥይት አጠገባቸው ፈንድቶ ሰውነታቸው ሳይቆስል፣ የማየት፣ የማሽተት፣ የመቅመስና የማስታወስ ችሎታቸው ተጎድቶ ነበር። በመጀመሪያ የፍንዳታው ንዝረት ነርቭ ጎድቶ ነው ተባለ። ቆየት ብሎ ግን ፈንጂ አጠገብ ጨርሶ ያልደረሱ ሰዎችም ይንቀጠቀጡ፣ ድዳ ይሆኑ፣ ይቃዡ ጀመር። የጦር አዛዦች ብዙዎቹን ፈሪ አሏቸው። እንግሊዝ በዚያ ጦርነት ከድታችኋል፣ ፈርታችኋል በሚልና በመሳሰለው ክስ ያስረሸነቻቸውን 306 ወታደሮች ይቅርታ ያደረገችላቸው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ከሟቾቹ መካከል ምን ያህሉ በሽተኛ እንደነበሩ ዛሬ ማጣራት አይቻልም፤ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ግን ዘጠና ዓመት ሙሉ በኀፍረት ኖረዋል።

በዚያው ዘመን ስኮትላንድ ውስጥ ክሬግሎክሃርት በሚባል ሆስፒታል ዊልያም ሪቨርስ የተባለ ሐኪም የተለየ መንገድ ያዘ። የሌላው ሐኪም ምክር “እርሳው፣ አታስበው፣ ስለ ሌላ ነገር አውራ” የሚል ነበር። ሪቨርስ መኮንኖቹን ቀን ከአእምሯቸው ሊያባርሩት የሚታገሉት ነገር ሌሊት በሕልም እንደሚመለስባቸው አስተዋለ። ስለዚህ ያንኑ ነገር በዝግታ፣ ከሚያምኑት ሰው ጋር ሆነው፣ በቃል እንዲናገሩት አደረገ። እዚህ ላይ ትንሽ መቆም እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም በእኛም ቤት ዛሬ ድረስ ለተመላሽ ወታደር የሚሰጠው ምክር “ተወው፣ አታስበው፣ እግዜር ያውቃል” ነው። በፍቅር የሚነገር ምክር ነው። ሰውየው ግን ለመርሳት አቅም ቢኖረው ድሮ በረሳ ነበር። እምቢ ያለው አእምሮው ነው።

አሜሪካ በቬትናም የተማረችው ደግሞ ሌላውን ግማሽ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የዘመተው ወታደር ከጓዶቹ ጋር በመርከብ ሳምንታት ተጉዞ፣ ያየውን እያወራ፣ በሰልፍ ተቀብለውት ነበር አገሩ የገባው። የቬትናሙ ወታደር የ12 ወር ግዳጁን ሲጨርስ ለብቻው አውሮፕላን ተሳፍሮ በቀናት ውስጥ እናቱ ጓዳ ተገኘ። የጠበቀው ሕዝብ ደግሞ በጦርነቱ የተከፋፈለ ነበር፤ ገሚሱ ሊሰማው አልፈለገም፣ ገሚሱ ነፍሰ ገዳይ ይለዋል። እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ በኒው ዮርክ የሚኖሩ የቬትናም ተመላሾች ራሳቸው ክብ ሠርተው መነጋገር ጀመሩ፤ ሮበርት ሊፍተንና ካይም ሻታን የተባሉትን የአእምሮ ሐኪሞች እንዲቀላቀሏቸው የጋበዙት እነሱ ናቸው። ሐኪሞቹ የገቡት እንደ አለቃ ሳይሆን እንደ አዳማጭ ነበር። ከዚህ እንቅስቃሴ ሁለት ነገር ተገኘ። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1980 ሕመሙ፣ በእኛ ባለሙያዎች አጠራር ድኅረ አደጋ ሰቀቀን፣ በአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ውስጥ በይፋ መመዝገቡ ነው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ ከሆስፒታል ውጭ፣ በሱቅ መደዳ መካከል የተከፈቱት የምክር ማዕከላት ናቸው። ከአማካሪዎቻቸው ብዙዎቹ ራሳቸው የዘመቱ ሰዎች ነበሩ። ሰው ሆስፒታል መግባት ሲያፍር የማያፍርበትን በር ከፈቱለት።

ሕመሙ ምን እንደሆነ በቀላሉ ላስረዳ። በግንባር ላይ ሰውን በሕይወት የሚያቆየው ልማድ ሁሉ ቤት ሲገባ ሸክም ይሆናል። በድንገተኛ ድምፅ መሬት ላይ መውደቅ፣ በር ወዳለበት ዞሮ መቀመጥ፣ እንቅልፍን በግማሽ ዓይን መተኛት፣ ጓድ ሲሞት ላለማልቀስ ስሜትን መቁረጥ፣ እነዚህ ሁሉ በምሽግ ውስጥ ብልሃት ናቸው። ሰላም ሲሆን አካል መመለሻውን አያገኝም። ሠርግ ላይ ርችት ሲተኮስ ይበረግጋል፣ ልጁ ከኋላ ሲያቅፈው ይመታዋል፣ ሚስቱ ስታለቅስ ምንም አይሰማውም፣ ከዚያ በዚህ ራሱን ይጠላል። በዚህ ላይ ጆናታን ሼይ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም የሞራል ቁስል ያለው አለ፤ ሰውየውን የሚያሰቃየው የደረሰበት ፍርሃት ሳይሆን ያደረገው፣ ወይም የሚያምነው አዛዥ ያስደረገው ነገር ሲሆን ማለት ነው። የጥንት አባቶች ይህን አያውቁትም ማለት አይቻልም። ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጦርነት የገደሉ ሰዎች ለሦስት ዓመት ከቁርባን ቢቆዩ መልካም ነው ሲል ጽፏል። እንደ ቅጣት ብቻ ካላየነው፣ ከመግደል ወደ ማዕድ ለመመለስ ጊዜና ሥርዓት እንደሚያስፈልግ የተረዳ ምክር ነው።

አሁን ወደ 1983 እንመለስ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ የሽግግሩ አመራር የቀድሞ ሠራዊት አባላትንና የጦር አካል ጉዳተኞችን የሚያቋቁም ኮሚሽን መሠረተ። በእግር፣ በጭነት መኪና፣ ከሱዳንም ተመልሰው የመጡ ወታደሮች እንደ ጦላይና ታጠቅ ባሉ ካምፖች ተሰበሰቡ፣ ተመዘገቡ፣ የፖለቲካ ትምህርት ተሰጣቸው፣ ከዚያ ወደየአገራቸው ተሸኙ። ከ450,000 በላይ የቀድሞ ሠራዊት አባላት በዚህ መንገድ አለፉ። ወደ ገጠር የሄደው የወራት ስንቅ፣ ዘር፣ የእርሻ መሣሪያ፣ አንዳንዱም በሬ ተሰጠው፤ የገበሬ ማኅበሩ መሬት እንዲያካፍለው ተደረገ። ወደ ከተማ የተመለሰው ከውትድርና በፊት ሥራ ከነበረው ወደ ሥራው እንዲመለስ፣ ያልነበረው ሥልጠና ወይም ብድር እንዲያገኝ ተሞከረ። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ1996 የኢትዮጵያን፣ የናሚቢያንና የኡጋንዳን ልምድ ጎን ለጎን አድርጎ ባሳተመው ጥናት የኢትዮጵያው ሥራ በስፋቱና በፍጥነቱ ትልቅ ቦታ ተሰጥቶታል።

ይህን ማድነቅ ይገባል፤ እኔም አደንቃለሁ። ግማሽ ሚሊዮን ገደማ የጦር መሣሪያ የሚያውቅ፣ የተራበና የተሸነፈ ሰው በአንድ ጊዜ ተበትኖ አገሪቱ በሽፍታ አለመሞላቷ ትንሽ ነገር አይደለም። ለዚህም የመጀመሪያውን ምስጋና የሚወስደው ኮሚሽኑ አይመስለኝም። መሬት በመንግሥት እጅ ስለነበረ ለተመላሹ ቁራሽ ማካፈል ተቻለ፤ ከሁሉ በላይ ግን ገጠሩ ልጁን በአፈሳ እንደተወሰደበት ያውቅ ነበርና እንደ ጠላት አላየውም። እናት ልጇን በየትኛው ወገን ተዋጋህ ብላ አልጠየቀችውም። በብዙ የገጠር ቤት ከአንድ እናት የተወለዱ ልጆች በሁለቱም ወገን ተሰልፈው ነበር። የመልሶ ማቋቋሙን ከባድ ሥራ የሠሩት እነዚህ ቤቶች ናቸው፤ በየትኛውም ሪፖርት ላይ ግን ስማቸው የለም።

ከተማው ሌላ ነበር። ስንቅና ዘር የሚሰጠው ለሚያርስ ሰው ነው፤ አሥራ አምስት ዓመት በውትድርና የኖረ አሥር አለቃ፣ ከምሽግ ሌላ ሙያ የሌለው፣ አዲስ አበባ ውስጥ የደርግ ወታደር የሚል ስም ተሸክሞ ሥራ ሲፈልግ በሩ ሁሉ ተዘጋበት። በዚያ ዘመን የኖረ ሁሉ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅና በየመንገዱ መብራት የወታደር ልብስ ለብሰው የሚለምኑ፣ እግራቸውን ያጡ ሰዎችን ያስታውሳል። እግር ያጣው ቢያንስ ያጣው ይታያል። ያልታየው ቁስል ያለበት ሰው ግን ሰካራም፣ ቁጡ፣ ሰነፍ፣ እብድ ተባለ። ብዙዎቹ ያገኙት ሥራ ዘበኝነት ነበር። እንቅልፍ የራቀውን ሰው ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ እንዲጠብቅ የሚቀጥረው አሠሪ ጥሩ ዘበኛ አገኘ፤ ሰውየው ግን ሕመሙን ደመወዝ የሚከፈልበት ሙያ አደረገው፣ ስለዚህም ማንም ሕመም ነው ብሎ አልጠረጠረም። ሌላው አረቄ ቤት ገባ፣ ሌላው ጫት ያዘ። ስለ ጫቱ ልጨምር፤ ሐርጌሳ ውስጥ በቀድሞ ተዋጊዎች ላይ የተደረገ ጥናት አእምሯቸው በጦርነት የተጎዳ ሰዎች በብዛት ሲቅሙ ወደ ከባድ የአእምሮ ሕመም የመግባት አደጋቸው ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ሰውየው የሚቅመው ትዝታውን ለማባረር ነው፤ እንቅልፍ ሲያጣ ግን ትዝታው ይበረታል።

ሕክምናስ? በ1983 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ የነበረው የአእምሮ ሆስፒታል አማኑኤል ነበር፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተከፈተ፣ ከአቅሙ በላይ የተሞላ፣ በአብዛኛው በጠና የታመሙትን የሚያስተኛ። የአእምሮ ነርሶችን ማሠልጠን ከተጀመረም ጥቂት ዓመታት ብቻ ነበሩ። ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ በ1995 ዓ.ም. እንኳ ለ70 ሚሊዮን ሕዝብ የነበሩት የአእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሞች 11 ብቻ ነበሩ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በአገር ውስጥ ስፔሻሊስት ማሠልጠን የጀመረው ያኔ ነው። ስለዚህ ለሚቃዠው ወታደር የሚሆን ሕክምና አልነበረም ብንል ማጋነን አይሆንም።

የነበረው ጠበል ነበር። እንጦጦ ማርያምና ጻድቃኔ ማርያም፣ በየአገሩ ያሉ ሌሎች ጠበሎችም፣ ከጦርነት በኋላ ባሉት ዓመታት ስንት ወታደር እንዳስተናገዱ የተጻፈ ነገር የለም፤ ሙስሊም የሆነው ደግሞ ቁርኣን ይቀራበት፣ ዱዓ ይደረግለት ነበር። ይህን ከሕክምና ያነሰ ነገር አድርገው የሚያዩትን አልስማማቸውም። ጠበል የሄደ ሰው ለሳምንታት ከሌሎች ሕመምተኞች ጋር ያድራል፣ ይጾማል፣ ኃጢአቱን ለንስሐ አባቱ ይናገራል፣ ዘመዱ አብሮት ይቀመጣል። ሪቨርስ በስኮትላንድ ካደረገው ውስጥ ብዙው እዚህ አለ። ችግሩ የሚመጣው ሕመሙ ሁሉ ጋኔን ሲባልና ሰውየው በሰንሰለት ሲታሰር፣ ወይም መድኃኒት የሚያስፈልገው ሰው መድኃኒቱን እንዲጥል ሲነገረው ነው። ካህኑና ነርሱ መነጋገር ከቻሉ ሁለቱም አንድን ሰው ሊያድኑ ይችላሉ።

ከሁሉም ግን አንድ ነገር ጎድሎ ነበር፤ ፉከራ። የተሸነፈ ወታደር አደባባይ የለውም። ካምፕ ውስጥ የተሰጠው ትምህርት ያዘመተው መንግሥት ጨቋኝ እንደነበረ፣ ጦርነቱም የተሳሳተ እንደነበረ የሚነግር ነበር። ይህ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሰውየው ግን ከረን ኮረብታ ላይ ጓዱን የቀበረበትን ቀን የሚያስቀምጥበት ቦታ አላገኘም። ለማን ሞተ? እሱስ ለምን ተረፈ? ጥያቄውን የሚጠይቅበት መድረክ አልነበረም፣ የሚሰማውም። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ፣ 77 ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያስረዳናል። ከአደጋ በኋላ ማን ሰቀቀን እንደሚይዘው ከሚወስኑት ነገሮች መካከል የአደጋው ክብደትና ከአደጋው በኋላ የሚገኘው የሰው ድጋፍ፣ ከሰውየው የቀድሞ ተፈጥሮና አስተዳደግ ይልቅ ክብደት እንዳላቸው አሳይቷል። አቀባበሉ የሕክምናው ክፍል ነው ማለት ነው። በመሸነፉ የዘጋንበት አደባባይ በጤናው የከፈለው ዋጋ ነበር።

የአሸናፊዎቹም ዕድል ሁልጊዜ ጥሩ አልነበረም። ብዙ ሺህ ሴቶች ደርግን ለመጣል በተደረገው ትግል ጠብመንጃ ይዘው ተዋግተዋል፤ ከወንድ እኩል ተመግበዋል፣ አዝዘዋል፣ ቆስለዋል። ከሠራዊቱ ሲቀነሱ የተመለሱበት መንደር የሚጠብቀው ግን ጸጉሯን የምትሸረብ፣ በዝግታ የምትናገር፣ የምታገባ ልጅ ነበር። እሷ ደግሞ አሥር ዓመት በረሃ የኖረች ሴት ናት። ብዙዎቹ ትዳራቸው ፈረሰ፣ ሌሎቹም ሳያገቡ ቀሩ። ስለ ተመላሽ ወታደር ስናወራ በአእምሯችን የሚመጣው ወንድ በመሆኑ የእነሱን ሕመም ለማየት ሁለት እጥፍ ጊዜ ፈጅቶብናል።

በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ ደግሞ መንግሥት ወደ እነዚያው ወደ በተናቸው ሰዎች ተመለሰ። የቀድሞ አብራሪዎች፣ መድፈኞች፣ መካኒኮችና የእግረኛ ጦር አባላት ተጠርተው ዘመቱ። በሰባት ዓመት ውስጥ ገና ቤቱ ያልተረጋጋ ሰው እንደገና ምሽግ ገባ። ጦርነቱ በ1992 ዓ.ም. ካበቃ በኋላ በዓለም ባንክ ብድር በተደገፈ ፕሮግራም 148,000 ገደማ ወታደሮች ከሠራዊት ተቀንሰው ወደ ሲቪል ሕይወት ተሸኙ። እንደ በፊቱ የገንዘብ ክፍያ፣ የሥራ ማስጀመሪያና ለአካል ጉዳተኞች የተለየ እርዳታ ነበር። የአእምሮ ጤና በዕቅድ ውስጥ ስሙ መነሳት የጀመረው በእነዚህ ዓመታት ነው፤ የሚሠራው ሰው ግን አሁንም አልነበረም።

ዛሬ ያለንበት ሦስተኛው ዙር ነው። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ የተፈረመው ስምምነት ትጥቅ ማስፈታትንና የቀድሞ ተዋጊዎችን መልሶ ማቋቋምን በግልጽ ያስቀምጣል። ወዲያው የተቋቋመው ብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን በበርካታ ክልሎች 371,971 የቀድሞ ተዋጊዎችን ለማቋቋም አቅዷል። በ2017 ዓ.ም. ኅዳር ሥራው በመቐለ ተጀመረ፤ በመጀመሪያው ዙር ከትግራይ 75,000 ተዋጊዎች እንዲያልፉ ታሰበ። በአማራና በኦሮሚያ ደግሞ ግጭቱ አላቆመም፤ የሚመለሰው ሰው ቁጥር ነገ ከዚህ ሊጨምር ይችላል። የመከላከያ ሠራዊቱ፣ የቀድሞው የየክልሉ ልዩ ኃይል፣ ሚሊሻውና ታጣቂው ሁሉም የቆሰሉ ሰዎች አሏቸው፤ በየወገኑ የቆሰለው ደግሞ የሚመለሰው ያው ወደ አንድ ወረዳ ነው።

ከ1983 የሚለየን አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ ዛሬ ምን እንደሚደረግ ይታወቃል። ስፔሻሊስት ሐኪሞቻችን አሁንም ጥቂት ናቸው፤ ስለዚህ ለ371,971 ሰው ሐኪም እንመድባለን ማለት አይቻልም። የሐኪም እጥረት ደግሞ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። ዚምባብዌ እ.ኤ.አ. በ2006 በሐራሬ ምባሬ ሰፈር በ14 አያቶች የጀመረችው ሥራ የሚያስደንቀው ለዚህ ነው። ዲክሰን ቺባንዳ የተባለው ሐኪም፣ በቂ ባለሙያ ስለሌለ፣ በሰፈሩ የሚከበሩ አሮጊቶችን አሠለጠነ፤ በጤና ጣቢያው ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሕመምተኛውን ያዳምጡታል፣ ከችግሮቹ አንዱን መርጦ መፍትሔ እንዲሞክር ይረዱታል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ሕመምተኞቹ በእርግጥ መሻላቸውን አረጋገጠ። እኛ ዘንድ ከ30,000 በላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው አሉ፤ በየሰፈሩ ደግሞ ዕድር አለ። የዕድር ዳኛ የቀበረውን ሰው ሁሉ፣ ያለቀሰውንም ሁሉ ያውቃል። ማን ሌሊት እንደሚጮህ ከማንም በፊት የሚሰማው እሱ ነው።

ሌላው በጦርነት ለተጎዱ ሰዎች በተለይ የተሠራ ዘዴ ነው። በጀርመን የኮንስታንዝ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች በኡጋንዳ የስደተኞች ካምፕና በምሥራቅ ኮንጎ የቀድሞ ታጣቂዎች ላይ የሞከሩት፣ ሐኪም ያልሆኑ ግን የሠለጠኑ ሰዎችም የሚሠሩበት ነው። ሰውየው ወለል ላይ ገመድ ይዘረጋል፤ ገመዱ ሕይወቱ ነው። ክፉ በገጠመው ቦታ ላይ ድንጋይ፣ ደግ በገጠመው ላይ አበባ ያኖራል። ከዚያ በየቀጠሮው ከድንጋዮቹ አንዱን እያነሳ ምን እንዳየ፣ ምን እንደሸተተው፣ ምን እንዳሰበ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይናገራል፤ አማካሪው ይጽፈዋል። በስተመጨረሻ የሕይወት ታሪኩ ተጽፎ ይሰጠዋል። የሚያድነው ነገር አደጋው ጊዜና ቦታ ማግኘቱ ነው፤ አእምሮው ያ ነገር ማይጨው አቅራቢያ፣ በዚያ ክረምት የሆነና ያለፈ መሆኑን ይይዛል። ታሪክ በቃል ማሳለፍ ለሚያውቅ ሕዝብ ይህ እንግዳ ሕክምና አይሆንም።

የሚሠለጥኑትም ሰዎች አሉ። በ1983 በአሥራዎቹ መጨረሻ የነበሩት ምልምሎች ዛሬ በ50ዎቹ ውስጥ ናቸው። ከእነሱ መካከል በጎረቤት የሚከበሩ፣ ዕድር የሚመሩ፣ ልጆች ያሳደጉ ብዙ ናቸው። እንዴት እንደተመለሱ፣ መጠጡን እንዴት እንደተዉ፣ ሚስታቸውን እንዴት ይቅርታ እንደጠየቁ የጠየቃቸው የለም። የቬትናም ተመላሾች ማዕከላት የተሳካላቸው አማካሪው ራሱ ያለፈበት ስለነበረ ነው፤ ለመቐለው ወጣትም ሆነ ለባሕር ዳሩ፣ የእነዚህ ሽማግሌዎች ቃል የሐኪም ቃል በማይደርስበት ይደርሳል። በተለያየ ወገን ተዋግተው የነበሩ ሽማግሌዎችን አብሮ ማስቀመጥ ቢቻል ደግሞ ጥቅሙ ከጤናም ያለፈ ነው።

የቀረው የጊዜ ጉዳይ ነው። ተዋጊው ማዕከል ውስጥ የሚቆየው ጥቂት ቀናት ነው፤ ይመዘገባል፣ ትጥቁን ያስረክባል፣ ትምህርት ይሰጠዋል፣ ገንዘቡን ይዞ ይሄዳል። በእነዚያ ቀናት ደኅና የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ጓዶቹ አጠገቡ ናቸው፣ ከጦርነት መውጣቱም ደስታ ነው። ሰቀቀን በብዙ ሰው ላይ የሚወጣው ወይም የሚብሰው ከወራት በኋላ፣ ገንዘቡ አልቆ፣ ጓዶቹ ተበትነው፣ እንግድነቱ አብቅቶ ቤተሰቡ ተራ ሰው እንዲሆን ሲጠብቀው ነው። ስለዚህ በማዕከሉ ውስጥ ስለ እንቅልፉ፣ ስለ መጠጡ፣ ሞትን ስለ መመኘት አለመመኘቱ ተጠይቆ የሚሰጠው መልስ በመዝገቡ ላይ ተጽፎ ወደሚሄድበት ወረዳ ጤና ጣቢያ መላክ ይኖርበታል፤ የቀበሌው ጤና ሠራተኛ በስድስተኛው ወርና በዓመቱ ቤቱ ድረስ ሄዳ እሱንም ሚስቱንም ለየብቻ መጠየቅ ይኖርባታል። ሴት ተዋጊዎችን ሴት ትጠይቃቸው፤ ብዙዎቹ ከውጊያው ሌላ የደረሰባቸውን ለወንድ አይናገሩም። ይህ ሁሉ የሚጠይቀው ገንዘብ ለአንድ ጊዜ ክፍያ ከሚወጣው ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ ግን ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ዓመት የሚሆን መሆን አለበት፣ እርዳታ ሰጪዎች ደግሞ የሚፈርሙት ባለው ዕቅድ ላይ ነው። ይህ ክትትል ዕቅዱ ውስጥ መግባት ያለበት ማዕከላቱ ተዋጊ በሚቀበሉበት ወቅት ነው።